ከወሊሶ ትምህርት ቤት እስከ ብሔራዊ ቴአትር፦ ጥላሁን ገሠሠና ተጓዡ መድረክ

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትርና ሙዚቃ ታሪክ በአብዛኛው የተጻፈው አዲስ አበባን ማእከል አድርጎ ነው። የአዳራሾቹ ምረቃ፣ የኦርኬስትራዎቹ አመሠራረትና የቤተ መንግሥቱ ድጋፍ በየመልኩ ተመዝግቧል። የቴአትር ቡድኖች በመኪና ተጭነው ወደ ጠቅላይ ግዛት ከተሞች ሲወጡ ምን ያደርጉ እንደነበር፣ ትዕይንቱ ካለፈ በኋላም በከተማው ምን እንደቀረና ከከተማው ማን እንደሄደ ግን እምብዛም አልተጠየቀም። የጥላሁን ገሠሠ ሕይወት ይህን ጥያቄ ለማንሣት የተመቸ ነው። የሙዚቃ ንጉሥ እስከ መባል የደረሰው ይህ ድምፃዊ ወደ ሙያው የገባው፣ ትምህርት ቤቱን የጎበኘ አንድ ተጓዥ ቡድን ልቡን ስለወሰደው ነውና።

ጥላሁን መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት በአዲስ አበባ ተወለደ። እናቱ ወይዘሮ ጌጤ ጉርሙ፣ አባቱ አቶ ገሠሠ ንጉሤ ይባላሉ። አገሪቱ ገና ከኢጣሊያ ወረራ አልተላቀቀችም ነበር። በልጅነቱ አያቶቹ ወደሚኖሩበት ወደ ወሊሶ ተወስዶ በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ገባ። ወሊሶ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን የሚነገሩባት ከተማ ናት። ኋላ በሁለቱም ቋንቋዎች ያዜመው ድምፃዊ ጆሮው የተቀረጸው በዚህች ከተማ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ዝማሬውን አስቀድሞ ያስተዋለው የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ ሚስተር ሸዳድ የተባለ ሱዳናዊ ነበር፤ ወደ አዲስ አበባ ቢሄድ እንደሚሻለውም ይመክረው ነበር። ምክሩ ግን ብቻውን ልጁን ከቤት አላስወጣውም።

ያስወጣው የሀገር ፍቅር ቡድን ወደ ወሊሶ መምጣት ነው። የሀገር ፍቅር ማኅበር በሐምሌ 1927 ዓ.ም.፣ የኢጣሊያ ወረራ በተቃረበበት ወቅት፣ በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት ተመሠረተ። ዓላማው ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለአገሩ ነፃነት መቀስቀስ ነበር። አዝማሪ የተጠራው ለመዝናኛ ሳይሆን ለዘመቻ ነበር ማለት ይቻላል። ከነፃነት በኋላ ማኅበሩ ወደ ቴአትር ቤትነት አደገ፤ ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ ዋሽንቱ፣ የየብሔረሰቡ ጭፈራና አጫጭር ድራማዎች በአንድ ዝግጅት ውስጥ ይቀርቡ ጀመር። ይህ የዝግጅት ቅይጥ ለጉዞ የተመቸ ነበር፤ ከባድ የመድረክ ዕቃ አይጠይቅም፣ የትምህርት ቤት ግቢም ይበቃዋል። ወደ ወሊሶ ከመጡት መካከል ድምፃዊቷ ንጋቷ ከልካይና ጸሐፌ ተውኔቱ ኢዮኤል ዮሐንስ ይገኙበታል። ጥላሁን የሕይወቱን አቅጣጫ የለወጠው ይህን ቡድን ካየ በኋላ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ለአያቶቹ ሳይናገር በእግሩ ጉዞ ጀመረ። ወሬው እንደተሰማ አያቶቹ ቱሉ ቦሎ ወደምትኖር ዘመዳቸው ልከው አስያዙት፤ እዚያ አድሮ በማግሥቱ ወደ ወሊሶ ተመለሰ። በሁለተኛው ሙከራ ዕቃ በጫነ መኪና ተሳፍሮ አዲስ አበባ ገባ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ተሰጥኦ ምልክት ብቻ ይነገራል። የአያቶቹ ድርጊት ግን ከልጁ ድርጊት ያልተናነሰ ማስረጃ ነው። አዝማሪነት በዘመኑ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የሚያሳፍር ሙያ ነበር፤ ትምህርቱን ትቶ ዘፋኞችን የተከተለ ልጅ እንደጠፋ ልጅ ይቆጠር ነበር። ቡድኑ በአንድ ቀን ትዕይንት ከተማውን ሲያስደስት፣ በአንድ ቤት ውስጥ ደግሞ ሐዘን ጥሎ ሄዷል።

የወሊሶው ገጠመኝ በሌሎች ከተሞችም ሊፈተሽ ይገባዋል። በአምቦና በባኮ አድርጎ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነቀምቴ የሚደርሰው መንገድ፣ ከጅማው መንገድ የሚለየው በርዝመቱና በክረምቱ ጭቃ እንጂ በሚያሳድረው ምኞት አይደለም። የወለጋ ከተሞች የራሳቸው የዜማ ሀብት ነበራቸው፤ ገራርሳው፣ የሠርግ ዘፈኑ፣ በኦሮምኛ የሚዘመረው የወንጌላውያን መዝሙር ሁሉ ከአዲስ አበባ የተላከ አልነበረም። ስለዚህ የነቀምቴን የመድረክ ታሪክ የሚያጠና ተመራማሪ፣ የትኛው ቡድን መቼ መጣ ከሚለው ባሻገር በየትኛው ቋንቋ ዘፈነ፣ የትኛው ግቢ አስተናገደው፣ መኪናውን የተከተለውስ ማን ነው ብሎ ቢጠይቅ የተሻለ ውጤት ያገኛል። እንዲህ ያለውን መልስ የሚይዙት ከቴአትር ቤት ማኅደሮች ይልቅ የትምህርት ቤት መዝገቦችና የአረጋውያን ትውስታ ናቸው።

ጥላሁን በሀገር ፍቅር ተቀጥሮ ከቆየ በኋላ ወደ ክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ተዛወረ። ዝውውሩ ከባህላዊ መሣሪያዎች ወደ ነሐስ ኦርኬስትራ መሻገር ብቻ አልነበረም። ክብር ዘበኛ የንጉሠ ነገሥቱ ልዩ ጦር ነው፤ ድምፃዊውም ደንብ ልብስ የሚለብስ፣ ደመወዝ የሚቀበልና ለአዛዥ የሚታዘዝ የሠራዊቱ አባል ሆነ። ቀደም ሲል አዝማሪ ተብሎ የሚናቀው ሰው አሁን የመንግሥት ሰው ነበር። በሳህሌ ደጋጎ የሙዚቃ ቅንብርና እንደ ብዙነሽ በቀለ ካሉ ድምፃውያን ጋር ተሰልፎ ስሙ በአገሪቱ ናኘ። ክብሩ ግን ዋጋ ነበረው፤ ድምፁ የተቋሙ ንብረት እስከ መሆን ደርሶ ነበር።

ይህ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግልጽ ሆነ። የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ የመሩት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ፣ ጥላሁንም ከተያዙት አንዱ ሆኖ ለጥቂት ጊዜ ታሰረ። ገና 20 ዓመት የሞላው ወጣት ነበር። በዚያው ሙከራ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ከተገደሉት ሹማምንት መካከል መኰንን ሀብተ ወልድ ይገኙበታል። ጥላሁንን ከወሊሶ የሳበው ማኅበር መሥራች ጥላሁን በሚዘፍንበት ጦር መሪዎች እጅ ሞቱ፤ ድምፃዊው ደግሞ ለዚሁ ጦር አባልነቱ ወኅኒ ወረደ። የኪነ ጥበብ ተቋማቱ ከሥልጣን ጋር ምን ያህል ተሳስረው እንደነበር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አጋጣሚ ማግኘት ያስቸግራል። ሕዝቡም ሰምና ወርቅ መፈለግ ልማዱ ነውና፣ አልቻልኩም የተሰኘውን የጥላሁን ዘፈን ከፍቅር እንጉርጉሮነቱ አልፎ ከዘመኑ ፖለቲካ ጋር አያይዞ ሰማው።

ከክብር ዘበኛ በኋላ የሠራው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው ቤት ነው። ይህ አዳራሽ በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የተጫነበት 25ኛ ዓመት ሲከበር የተመረቀ ሲሆን፣ የሙዚቃ ክፍሉን ካሠለጠኑት መካከል አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያን ይገኙበታል። የሸክላ ጉዳይም ለብቻው ሊጠቀስ ይገባዋል። ከ1940 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ተሰጥቶ ነበር። አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ በ1961 ዓ.ም. ገደማ ይህን ጥሶ የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ የድምፃውያን ሥራ ከተቋማቱ እጅ መውጣት ጀመረ። ከዚያ በኋላ የጥላሁን ድምፅ ያለ ቡድኑና ያለ መኪናው ወደ ሩቅ ከተሞች መጓዝ ቻለ፤ በየቡና ቤቱ የተቀመጠው የሸክላ ማጫወቻ የተጓዡን መድረክ ሥራ በከፊል ተረከበ።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊው የአዲስ አበባን የሌሊት ሕይወት አዳከመው፤ ክብር ዘበኛም እንደ ተቋም አበቃለት። በአንጻሩ በየቀበሌውና በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ፤ ነቀምቴን የመሰሉ የክፍለ ሀገር ዋና ከተሞች ከተመልካችነት ወደ አቅራቢነት የተሻገሩበት ጊዜ ነው። ቡድኖቹ የመንግሥቱ የቅስቀሳ መሣሪያ ነበሩ፤ ይህም ከ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ዓላማ ብዙ የራቀ አልነበረም። ሆኖም ድምፅ ያለው ልጅ ሙያውን ለመጀመር እንደ ጥላሁን ከቤቱ መጥፋት አላስፈለገውም።

ጥላሁን እስከ ዕድሜው መጨረሻ ከመድረክ አልተለየም። በካሴቱ ዘመን አዳዲስ ሥራዎች አሳተመ፤ በአሜሪካና በሌሎች አገሮች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እየተጓዘ ዘፈነ። በስኳር በሽታ ምክንያት አንድ እግሩን ካጣ በኋላም ዘፈኑን አልተወም። በፈረንሳይ የሚታተመው የኢትዮፒክስ ተከታታይ 17ኛ ቅጽ ሙሉ በሙሉ ለእርሱ ሥራዎች ተሰጥቷል። ዋናው ግቢው ቀድሞ ገነተ ልዑል በነበረው ቤተ መንግሥት ያለው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በትንሣኤ በዓል ዕለት አረፈ፤ እጅግ ብዙ ሕዝብ በተገኘበት ሥነ ሥርዓት በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።