ሌላው ሀምሊን

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከእንጦጦ የሚወርዱትን እንጨት ተሸካሚ ሴቶች መንገድ ላይ እናገኛቸዋለን። ጭራሮውንና የባሕር ዛፍ ቅጠሉን በጀርባቸው አዝለው፣ ወገባቸው ታጥፎ፣ መሬት መሬት እያዩ ቁልቁል ይሮጣሉ። ሸክሙ ከ30 ኪሎ የሚበልጥበት ቀን ብዙ ነው። ነፍሰ ጡሯም አራሷም አብራ ትወርዳለች። እናቴ ከጎረቤት ጋር ቡና ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ከእነዚህ ሴቶች የአንዷ ማህፀን መውጣቱን ስታወራ ሰምቻለሁ። ነገሩ የገባኝ ግን ካደግሁ በኋላ ነው።

ፊኛን፣ ማህፀንንና ትልቁን አንጀት ከሥር ደግፎ የያዘ የዳሌ ጡንቻ አለ። ወሊድ፣ ከባድ ሸክምና ዕድሜ ያላሉታል። ሲላላ ሽንት ያመልጣል፣ ማህፀን ወደ ታች ይወርዳል። ሴቶቻችን ይህን ለሐኪም ቀርቶ ለባላቸውም አይናገሩም። እኔም ዛሬ የማነሳቸው ሰው ዕድሜያቸውን የሰጡት ሴቶች ለሚደብቁት ለዚህ የሰውነት ክፍል ነው። ሀምሊን የሚለው ስም ሲጠራ ሁላችንም የምናስታውሰው ዶክተር ካትሪንን ነው። ይገባቸዋልም። ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ ሀምሊን ግን ከስማቸው ጥላ ሥር የቀሩ ይመስለኛል።

ሬጅናልድ የተወለዱት በ1908 እ.ኤ.አ. ኒውዚላንድ ውስጥ ነው። በሲድኒ ክራውን ስትሪት በተባለው የሴቶች ሆስፒታል ኃላፊ ሳሉ፣ የነፍሰ ጡሮችን ክብደትና አመጋገብ ከመጀመሪያው በመከታተል በእርግዝና ደም ግፊት ሳቢያ የሚመጣውን መንቀጥቀጥ መከላከል እንደሚቻል አሳይተው፣ ውጤቱን በ1952 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ጽፈዋል። ካትሪን በዚያው ሆስፒታል የሠሩ ሐኪም ናቸው፤ በ1950 እ.ኤ.አ. ተጋቡ።

ያው ላንሴት ላይ ነው አንድ ማስታወቂያ ያዩት። አዲስ አበባ የሚገኘው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም የማህፀን ሐኪም ይፈልጋል ይላል። የሦስት ዓመት ውል ፈርመው ስድስት ዓመት ገደማ የሆነውን ልጃቸውን ይዘው በ1951 ዓ.ም. መጡ። ሬጅናልድ ያኔ 51 ዓመታቸው ነበር። እኔ በዚህ ዕድሜ ቢሮ መቀየር እንኳ ይከብደኛል።

ሆስፒታሉ ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው። የተሰየመላቸው ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ነርስ ነበሩ፤ በ1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር አረፉ። ቤተ መንግሥት ውስጥ ያደገች ሴት በወሊድ ከሞተች፣ ከመንገድ የራቀችው ገበሬ ሚስት ምን እንደምትሆን መገመት አያቅትም። ምጡ ቀናት ሲፈጅ የልጁ ጭንቅላት የፊኛውን ግድግዳ ከአጥንት ጋር ተጭኖ ያበሰብሰዋል፤ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል፣ እናቲቱ ሽንቷ ያለማቋረጥ የሚፈስ ሆና ትቀራለች። ፊስቱላ ይህ ነው።

ባልና ሚስቱ አገራቸው ሳሉ ይህን በሽታ አላዩትም። ኒውዮርክ ለዚሁ የተሠራ ሆስፒታል ነበራት፤ በሽታው እዚያ ጠፋ፤ ሆስፒታሉ በነበረበት ቦታ ላይም በኋላ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ተሠራበት። ስለዚህ ከግብፁ ሐኪም ከናጊብ ማህፉዝ ሥራ ተማሩ። (ደራሲው ማህፉዝ ስሙን ያገኘው እሱን ካዋለዱት ከእኚሁ ሐኪም ነው።) ሕመምተኞቹ ከየክፍለ ሀገሩ ይጎርፉ ጀመር። በመጨረሻ በግንቦት 1967 ዓ.ም.፣ አብዮቱ በጋለበት ወቅት፣ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ተከፈተ። በደርግ ዘመን ሁሉ አልተዘጋም። እስካሁን ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመውበታል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ቀዳዳውን መድፈን ብቻውን አይበቃም። ቀዳዳዋ ተደፍኖም ሽንቷን መያዝ የማትችል ሴት አለች፤ ሽንት የሚይዘው ጡንቻ አብሮ ተጎድቷልና። ሬጅናልድ ከካትሪን ጋር በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ጨርሶ የጠፋውን የሽንት ቱቦ እንደገና ሠርተው፣ ከጭን በተወሰደ ጡንቻ እንዴት እንደሚደግፉት አስረድተዋል።

የቀረው የፊዚዮቴራፒ ሥራ ነው። ሆስፒታሉ ዛሬ ራሱን የቻለ የፊዚዮቴራፒ ክፍል አለው። ሽንቱ ይደርቃል ብላ ወራት ሙሉ ተኮራምታ የተኛችው ሴት ጉልበቷ አልዘረጋ ይላታል፤ በምጡ ነርቧ የተጎዳው እግሯን መሬት ለመሬት ትጎትታለች። እሷን ማስኬድ፣ ቀጥሎም የዳሌ ጡንቻዋን ማጠናከር ቢላዋ የማይሠራው ሥራ ነው።

ይህ የፊስቱላ ታካሚ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንዲት የሙያ ባልደረባዬ ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ስታስነጥስ ሽንቷ እያመለጣት፣ ችሎት የምትገባው ውኃ ሳትጠጣ ነበር። ለአራት ዓመት የወሊድ ዕጣዬ ነው ብላ ተቀምጣለች። አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል ግን የዚህን ጡንቻ ስፖርት ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስተምረዋል። ሽንትን እንደሚይዙ አድርጎ ጡንቻውን ወደ ላይ መሳብ፣ ጥቂት ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፣ ትንፋሽ ሳያፍኑ በአንድ ጊዜ ስምንት ያህል፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር። ብዙዎች ግን ሌላውን ጡንቻ ይሳሳታሉ፤ ጡንቻቸው ላልቶ ሳይሆን ተወጥሮ የሚቸገሩም አሉ። ለዚህ ነው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መርምሮ ማሳየት ያለበት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እነዚህን ባለሙያዎች ያስተምራል። ስንት እናት ከማዋለጃ ክፍል ስትወጣ ወደ እነሱ ትላካለች?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ይሰጣል። እኛ የሕግ ሰዎች ቀን መቁጠር እንወዳለን። በ90ው ቀን ውስጥ ስለዚህ ጡንቻ የሚጠይቃት ሰው መኖር አለመኖሩን ግን አዋጁ አይነግረንም። ከእንጦጦ የምትወርደዋ ደግሞ አሠሪም የላት፣ ዕረፍትም የላት።

ሬጅናልድ በ1985 ዓ.ም. ክረምት በ85 ዓመታቸው አረፉ። ካትሪን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ እዚሁ ቆዩ። ሬጅናልድ ካስተማሯቸው መካከል ማሚቱ ጋሼ አሉ፤ በልጅነታቸው በፊስቱላ ተይዘው ለሕክምና መጥተው ማንበብና መጻፍ እንኳ አያውቁም ነበር። አልጋ ከማንጠፍ ተነሥተው፣ ሬጅናልድ በቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ አጠገብ መጀመሪያ መሣሪያ ማቀበል፣ ቀጥሎ መስፋት አስተማሯቸው። በኋላ ከውጭ አገር የሚመጡ ሐኪሞች ፊስቱላ እንዴት እንደሚጠገን ከእሳቸው ይማሩ ነበር።