መምህር ዮና ቦጋለ፤ የወለቃው ሸማኔ ልጅ



በዚህ ዓመት በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ለከፍተኛ ክፍሎች አንድ የቤት ሥራ ሰጥተን ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አዛውንት ቀርቦ ስለ ሕይወታቸው እንዲጠይቅና በሁለት ገጽ ጽፎ እንዲያመጣ አዘዝን። ገሚሱ ጎንደርና ድሬዳዋ ያሉ አያቶቹን በስልክ ጠየቀ። ገሚሱ ደግሞ እዚሁ ሐርጌሳ፣ በዋሄን ገበያ አካባቢ እንጀራ እየጋገሩ ልጆች ያሳደጉ እናቶችን አነጋገረ። ደብተሩ ተሰብስቦ ሲያልቅ ተማሪዎቹ የእኛ የመምህራኑ ድርሻ የት እንዳለ ጠየቁን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ እኛም በአካል ያላገኘናቸውን፣ ግን በሙያ አባታችን የምንላቸውን የአንድ መምህር ሕይወት ጽፈን እናቀርባለን። እኚህ ሰው የቤተ እስራኤሉ መምህር ዮና ቦጋለ ናቸው።

እሳቸውን ለምን እንደመረጥን መደበቅ አንፈልግም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በግቢያችን ሁለት ልጆች በኳስ ምክንያት ተጣልተው አንደኛው ሌላውን ቡዳ ብሎ ሰደበው። የተሰደበው ልጅ አባት በዚህ ከተማ በብየዳ ሥራ የሚተዳደር ሰው ነው። እኛም ተሳዳቢውን በሰልፍ ላይ አቁመን ቀጣነው፣ ይቅርታም አስጠየቅነው፤ ነገሩ ያለቀ መሰለን። ቃሉ ከየት እንደመጣና ስንቱን ሰው እንደጎዳ ግን አላስተማርንም። የተሰደበው ልጅ ያን ሳምንት ሙሉ በዕረፍት ሰዓት ከክፍል አልወጣም ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው። ይህ ጽሑፍም ያኔ መሰጠት የነበረበት፣ ዘግይቶ የመጣ ትምህርት ነው።

መምህር ዮና የተወለዱት በ1908 ገደማ ከጎንደር ከተማ ጥቂት ወጣ ብላ በምትገኘው በወለቃ መንደር ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። አባታቸው ሸማኔ ነበሩ፤ ከሽመናው ጎን የባለጸጎችን መሬት በጭሰኝነት ያርሱ ነበር። የመንደሩ ሰው ኑሮ ባብዛኛው እንዲሁ ነበር። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሸማ ይሠራሉ፤ ሴቶቹ ከሸክላ ድስትና ጀበና ይሠራሉ። ወለቃ እስከ ዛሬም በሸክላ ሥራዋ ትታወቃለች።

ቤተ እስራኤል በኦሪት ሕግ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አይሁድ ናቸው። ኦሪታቸው የተጻፈው በግዕዝ ነው፤ ቄሶቻቸውም በግዕዝ ይጸልያሉ። ሰንበትን አጥብቀው ያከብራሉ፤ በየዓመቱም ስግድ በተባለው በዓል ወደ ተራራ ወጥተው፣ ጾመውና ሰግደው ወደ ኢየሩሳሌም አቅጣጫ ይለምናሉ። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ከነገሥታቱ ጋር ባደረጉት ጦርነት ተሸንፈው የርስት መብታቸውን አጡ። መሬት ያጣ ሰው በእጁ ሙያ መኖር ግድ ሆነበት። አገሬው ግን ማረሻውን ከቀጥቃጩ፣ ኩታውን ከሸማኔው፣ ድስቱን ከሸክላ ሠሪዋ እየገዛ፣ ሠሪዎቹን መልሶ ጠይብ፣ ቡዳ፣ ፈላሻ እያለ ይሰድባቸው ነበር። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ ብሎ ይፈራቸውም ነበር። ተማሪዎቻችን ይህን ልብ በሉ። ያ በግቢያችን የተሰማው ቃል የተወለደው እዚህ ላይ ነው፤ የሰውን ጉልበት እየተጠቀሙ ሰውየውን ከመናቅ የመጣ ነው።

በ1904 ዣክ ፋይትሎቪች የተባሉ፣ በፖላንድ የተወለዱና በፓሪስ የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ያጠኑ አይሁዳዊ ምሁር ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ቤተ እስራኤል ከሌላው ዓለም አይሁድ ጋር ተዋውቀው ዘመናዊ ትምህርት እንዲያገኙ ዕድሜያቸውን ሙሉ የደከሙ ሰው ናቸው። ከመንደሮቹ ወጣቶችን እየመረጡ ወደ ውጭ ይወስዱ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በኋላ ታላቅ ሊቅ የሆኑት ታምራት አማኑኤል ናቸው፤ በፓሪስና በፊሬንዜ ተምረዋል። በ1921 ደግሞ የወለቃው ሸማኔ ልጅ ዮና ተመረጡ።

እስቲ ያን ቀን እናስበው። ዮና ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ልጅ ናቸው፤ የዛሬ የሰባተኛ ክፍል ተማሪያችን ማለት ነው። ስልክ የለ፣ ፎቶግራፍ የለ፤ ልጁ አንዴ ከተራራው ከወረደ መኖሩን እንኳ ማወቂያ መንገድ የለም። ከተላኩት ልጆች መካከል በባዕድ አገር ታመው በወጣትነታቸው የቀሩ ነበሩ። ያም ሆኖ አባትና እናት ልጃቸውን ሰጡ። በዚህ ከተማ ልጆቻችሁን ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሩቅ አገር ዘመድ የላካችሁ ወላጆች ይህ ምን ዓይነት ስጦታ እንደሆነ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

ዮና በመጀመሪያ በኢየሩሳሌም ሁለት ዓመት ያህል ተማሩ። ከዚያ ወደ ጀርመን ተሻግረው በፍራንክፈርት የአይሁድ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ቀጥለውም በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ከአማርኛና ከግዕዝ በላይ ዕብራይስጥ፣ ጀርመንኛ፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ አወቁ። አውሮፓ መቅረት ይችሉ ነበር፤ ግን የተላኩት ተምረው እንዲመለሱ ነበርና ተመለሱ።

በአዲስ አበባ ፋይትሎቪች ከ1920ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለቤተ እስራኤል ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። የሚመሩት ታምራት አማኑኤል ነበሩ። ዮናም ከውጭ እንደተመለሱ በዚያ ማስተማር ጀመሩ። የሚያስተምሯቸው ልጆች እንደ ራሳቸው ከጎንደር ገጠር የመጡ ነበሩ። ልጆቹ ዕብራይስጡንም ሒሳቡንም የሚሰሙት ከአንድ የአገራቸው ልጅ አፍ ነበር፤ ይህም የእነሱ ቢጤ መምህር መሆን እንደሚችል በዓይናቸው አሳያቸው።

ጊዜው ግን አላመቸም። በ1936 የፋሺስት ጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። የተማሩ ኢትዮጵያውያን ተለይተው የሚታደኑበት ዘመን ሆነ። ታምራት አማኑኤል ተሰደዱ፤ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። ዮና እነዚያን ዓመታት ከማስተማር ርቀው አሳለፏቸው። በ1941 አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው እጅግ ይፈለግ ነበርና በትምህርት ሚኒስቴር ተቀጠሩ። ለአሥራ ሁለት ዓመት ያህልም መንግሥትን አገለገሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀን ቀጥሎ ያደረጉት ነው። በ1953 የአይሁድ ኤጀንሲ በቤተ እስራኤል መንደሮች ትምህርት ቤቶችን ለማቋቋም ሲነሳ፣ ዮና የመንግሥት ሥራቸውን ለቀው በዚያ ገቡ። ዕድሜያቸው ወደ አርባ አምስት ደርሶ ነበር። ደመወዙ የማይቋረጥ ሥራ ትተው፣ ገንዘቡ ከባሕር ማዶ ወደሚመጣና ነገ ይኑር አይኑር ወደማይታወቅ ሥራ ሄዱ።

በአሥመራ የመምህራን ማሠልጠኛና አዳሪ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከየመንደሩ የመጡ ወጣቶች፣ በኋላም ቄሶች፣ እዚያ ሠለጠኑ። በ1955 እና በ1956 ከሃያ በላይ ልጆች ወደ እስራኤል፣ ክፋር ባትያ ወደተባለ የወጣቶች መንደር ተላኩ፤ ተምረው ተመልሰው የየመንደራቸው መምህራን እንዲሆኑ ነበር። በጎንደር አካባቢና በትግራይም በየመንደሩ ትናንሽ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ዮና በበቅሎና በእግር እየዞሩ መምህር ያስቀምጣሉ፣ መጽሐፍ ያደርሳሉ፣ ከወላጆች ጋር ይመክራሉ።

ግን ጥቂት ዓመታት እንኳ ሳይሞላ ገንዘቡ ተቀነሰ። በ1958 አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በአካባቢው ጥላቻ የተቃጠለም ትምህርት ቤት ነበር። ከእስራኤል ተምረው የተመለሱት ወጣቶች የሚያስተምሩበት ክፍል አጡ፤ ብዙዎቹ ሌላ ሥራ ፈለጉ። ማስተማር ለሚወድ ሰው ከዚህ የበለጠ ሐዘን የለም። እኛም በኪራይ መዘግየት ምክንያት ክፍሎቻችንን ልንዘጋ የተቃረብንበትን ወር ስለምናስታውስ፣ ለዮና ያ ዓመት ምን እንደነበር ትንሽ ይገባናል።

መምህር ዮና አልተዉም። በእምቦበርና በጥቂት ሌሎች መንደሮች የቀሩትን ትምህርት ቤቶች እየደጎሙ አቆዩ። የአማርኛና የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ፤ የገጠሩ ሰው በዓላቱን በቀናቸው እንዲያከብርም የአይሁድን የዘመን አቆጣጠር በአማርኛ እያዘጋጁ አሠራጩ። ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ደብዳቤ እየጻፉ፣ የሚመጡትን እንግዶች ወደ መንደሮቹ እየመሩ የሕዝባቸው አፍ ሆኑ። በየመንደሩ የነበረ ሰው ጉዳይ ሲገጥመው ወደ እሳቸው ይመጣ ነበር።

ሥራቸው ያለ ጥያቄ የተጓዘ እንዳይመስላችሁ። በአዲሶቹ ትምህርት ቤቶች የተማረ ልጅ ቤቱ ሲመለስ በዕብራይስጥ ይጸልያል፤ አያቱ ደግሞ በግዕዝ ነው። አያቶች በዘመናት መከራ ያቆዩት ሥርዓት በልጆቹ ዓይን ያረጀ እንዳይመስል ሥጋት ነበር፤ ቄሶቹም ይህ አሳስቧቸዋል። ከዓለም አይሁድ ጋር መቀራረቡ ያስከፈለው ዋጋ ነበር። ዮና ራሳቸው ግን ሁለቱንም ወገን የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ ግዕዙን የሰሙት በአባታቸው ቤት ነው። እኛም ይህን ጥያቄ በየቀኑ እንጋፈጠዋለን። ልጆቻችን ሶማልኛውን በመንገድ፣ እንግሊዝኛውን በመጽሐፍ ይማራሉ፤ አማርኛቸው ደግሞ በየዓመቱ ይሳሳል። አዲስ ቋንቋ መጨመር ማትረፍ ነው፤ የአያትን ቋንቋ መጣል ግን ኪሳራ ነው።

በ1973 የእስራኤል የሴፋርድ ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን አጸደቁ፤ በ1975 የእስራኤል መንግሥትም የመመለስ ሕግ እንደሚመለከታቸው ተቀበለ። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ የመሬት አዋጅ ታወጀ፤ ጭሰኛ የነበረው የሸማኔ ልጅ የሚያርሰው መሬት አገኘ። ይሁን እንጂ ዘመኑ የጦርነትና የፍርሃት ዘመን ሆነ። በ1979 መምህር ዮና ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ወደ እስራኤል ሄዱ። እዚያ እንደደረሱ ግን አላረፉም። በዚያው ዓመት ካናዳ፣ ሞንትሪያል ድረስ ተጉዘው በሰሜን አሜሪካ አይሁድ ታላቅ ጉባኤ ፊት የሕዝባቸውን ችግር አስረዱ።

ከዚያ በኋላ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤል በእግር ወደ ሱዳን ተጓዙ። በረሃው፣ ሽፍታውና የስደተኛ ጣቢያው በሽታ ብዙዎችን ጨረሰ፤ ከሁሉ ይልቅ ሕፃናትንና አዛውንትን። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ ሰባት ሺህ ያህል ሰዎች ከሱዳን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። መምህር ዮና ይህን አይተው በ1987 አረፉ። በግንቦት 1991 ከ14,000 በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ ሲወሰዱ ግን አልነበሩም። በ2008 ስግድ በእስራኤል ብሔራዊ በዓል ሆኖ በሕግ ሲጸድቅም አላዩም።

ውድ ተማሪዎቻችን፤ የምንኖርባት ሐርጌሳም ይህን ታሪክ የሚመስል ነገር ታውቃለች። በዳሚ ሰፈር የሚኖሩት፣ ጋቦዬ በሚል ስም የሚጠሩት ወገኖች አባቶቻቸው ብረት ቀጥቃጮችና ቆዳ ሠሪዎች ስለነበሩ የሚደርስባቸውን ንቀት የሰማችሁ ትኖራላችሁ። እኛ በሰው አገር እንግዶች ነን፤ የአስተናጋጆቻችንን ጉዳይ ለመዳኘት አልተነሳንም። የራሳችንን ግቢ ግን ማጽዳት እንችላለን። የእጅ ሙያ ያለውን ሰው የሚያዋርድ ቃል በማንኛውም ቋንቋ ቢሆን ከበራችን እንዳይገባ ከዚህ ዓመት ጀምሮ በደንባችን ጽፈናል፤ ምክንያቱንም በየክፍሉ አስተምረናል።

በመጨረሻም ስለዚያ ልጅ እንንገራችሁ። በዚህ ዓመት አባቱን ወደ ክፍል ጋብዘን ስለ ሙያቸው ለተማሪዎች እንዲያስረዱ ጠየቅናቸው። በመጀመሪያ አልፈለጉም፤ የሚናገሩት ነገር እንደሌላቸው አስበው ነበር። ከዚያ መጡ፤ የተሰበረ ወንበራችንን በተማሪዎች ፊት በይደው፣ እያንዳንዱን ነገር እያሳዩ አስተማሩ። ልጃቸው የፊት መከለያውን ይዞ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። በዕረፍት ሰዓትም ከጓደኞቹ ጋር ወጣ። ወንበሩ ዛሬም በሰባተኛ ክፍል የመጀመሪያው ረድፍ ላይ አለ።