ኦራዚዮ አንቲኖሪና የሰሜን ሸዋ ጥድ ጥንዚዛዎች

ኦራዚዮ አንቲኖሪ በ1811 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፔሩጂያ ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደ። በ1848 እና በ1849 በጣልያን አብዮት ተሳትፎ፣ ከሽንፈቱ በኋላ ወደ ምሥራቅ ተሰደደ፤ በስደቱም ዘመን ወፎችን እያደነ ለቤተ መዘክር ማዘጋጀትን ሙያው አደረገ። የጣልያን ጂኦግራፊ ማኅበር በ1867 ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር።

በ1876 የዚሁ ማኅበር ልዑካን መሪ ሆኖ ሸዋ ገባ። ንጉሥ ምኒልክ በአንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ የተባለውን ቦታ ለምርምር ጣቢያ ሰጡት። ብዙም ሳይቆይ በአደን ላይ በደረሰ አደጋ ቀኝ እጁ ክፉኛ ቆሰለ። ዕድሜው ከስልሳ አምስት አልፎ ነበር፤ ቢሆንም ወደ አገሩ አልተመለሰም። ጣቢያው ከጊዜ በኋላ ለጣልያን የፖለቲካ ጥቅምም እንዳገለገለ መዘንጋት አይገባም፤ አንቲኖሪ ራሱ ግን እስከ መጨረሻው ሰብሳቢ ነበር። በነሐሴ 1882 በዚያው በሌት ማረፊያ ዐርፎ ተቀበረ።

ከሸዋ የተላኩት ናሙናዎች በጄኖዋ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ተከማቹ። ወፎቹን ቶማሶ ሳልቫዶሪ አጥንቶ በ1884 አሳተመ፤ ጥንዚዛዎቹን ራፋኤሎ ጄስትሮ መረመረ። የእነዚህ ናሙናዎች ዋጋ ከአካላቸው ይልቅ በመለያ ወረቀታቸው ላይ ነው፤ የሸዋ ደን ዛሬ ካለበት በሰፋበት ዘመን የትኛው ፍጥረት በየትኛው ቦታ እንደኖረ የሚመሰክሩ እነሱ ናቸውና።

ስብስቡ ግን ሙሉ አይደለም። በአንኮበር ገደላማ ቦታዎች የሚኖረው የአንኮበር ሰሪን የተባለው ትንሽ ወፍ ለሳይንስ የተገለጸው በ1979 ነው፤ የወፍ ሊቅ ደጃፍ ላይ እየኖረ አንድ ምዕተ ዓመት ያህል ተሰውሮ ቆየ። ወፍ እንዲህ ካመለጠ፣ በደረቀ ጥድ ግንድ ውስጥ የሚያድግ ረጅም ቀንድ ጥንዚዛማ እንዴት አያመልጥ? እጩ እንጨቱን እየቦረቦረ ከአንድ እስከ ብዙ ዓመት በውስጡ ይቆያል፤ ጥንዚዛው ሞላላ ቀዳዳ አበጅቶ ከወጣ በኋላ የሚኖረው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። በጠመንጃም ሆነ በመረብ የሚሰበስብ ሰው እምብዛም አያገኘውም።

ከአንኮበር በሰሜን ምዕራብ፣ በዓለም ከተማና በመርሐቤቴ ዙሪያ፣ አሮጌ ጥድ በአብዛኛው የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። የወደቀው ግንድ ለማገዶ ሲነሣ እጩም አብሮ ይነዳል። ስለዚህ ጥናቱ ከካህናቱ ፈቃድ ጥቂት ጉማጆችን ተቀብሎ፣ በወንፊት በተሸፈነ ሣጥን አኑሮ፣ የሚወጣውን በየወሩ እየመዘገበ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት መታገሥን ይጠይቃል፤ የተገኘውም በጄኖዋ ካሉት የሌት ማረፊያ ናሙናዎች ጋር ይነጻጸራል።