ዊሊያም ፍሩድ

ዊሊያም ፍሩድ (ኖቬምበር 28 ቀን 1810 – ሜይ 4 ቀን 1879 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ መሐንዲስና የመርከብ ሳይንስ ተመራማሪ ነበር። ገና ያልተሠራች መርከብ በባሕር ላይ ምን ያህል ኃይል እንደምትፈልግ ከትንሽ ሞዴል ተነሥቶ አስቀድሞ ማስላት የሚቻልበትን ዘዴ በማረጋገጡ ይታወቃል። ከእርሱ ሥራ በኋላ የብሪታንያ ትልልቅ የጦር መርከቦች ብረታቸው ከመቆረጡ በፊት ቅርጻቸው በሰም ሞዴል መፈተን ጀመረ። በፈሳሾች ጥናት የሚሠራበት «የፍሩድ ቁጥር» የተሰየመው በእርሱ ስም ነው። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ፍሩድ የተወለደው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዴቨን አውራጃ፣ ዳርቲንግተን በተባለች መንደር ነው። አባቱ ሮበርት ፍሩድ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ካህን ነበሩ። ታላቅ ወንድሙ ሃሬል ፍሩድ በኦክስፎርድ በተነሣው የሃይማኖት እንቅስቃሴ የታወቀ ሲሆን፣ ታናሽ ወንድሙ ጄምስ አንተኒ ፍሩድ የታሪክ ጸሐፊ ሆኗል። ዊሊያም በዌስትሚንስተር ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ በኦክስፎርድ ኦሪየል ኮሌጅ ገብቶ በ1832 በሒሳብ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ።

የባቡር መንገድ ሥራ

ትምህርቱን እንደጨረሰ በባቡር ሐዲድ ቅየሳ ተሰማራ። በ1837 በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው መሐንዲስ ኢዛምባርድ ኪንግደም ብሩነል ዘንድ ተቀጥሮ ከብሪስቶል ወደ ኤክሰተር በሚወስደው የባቡር መንገድ ላይ ሠራ። እዚያ ሳለ ሐዲዱ ከቀጥታ መሥመር ወደ ጥምዝ ሲገባ ባቡሩ ድንገት እንዳይናጥ፣ ጥምዙ ቀስ በቀስ እየጠነከረ እንዲሄድ የሚያደርግ የአቀያየስ ስልት አወጣ። በ1846 አባቱ በመታመማቸው መደበኛ ሥራውን ትቶ ወደ ዳርቲንግተን ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ምርምሩን ያካሄደው በአብዛኛው በራሱ ቤትና በራሱ ወጪ ነው።

የመርከብ መወዛወዝ ጥናት

ወደ መርከብ ጥናት የመራው ብሩነል ነበር። ብሩነል «ግሬት ኢስተርን» የተባለችውን እጅግ ግዙፍ መርከብ እያሠራ ሳለ፣ በማዕበል ላይ እንዴት ወደ ጎንና ጎን እንደምትወዛወዝ እንዲያጠናለት ፍሩድን ጠየቀው። የጥናቱ ውጤት በ1861 ለእንግሊዝ የመርከብ ነዳፊዎች ማኅበር ቀረበ።

የጥናቱ ፍሬ ነገር በዥዋዥዌ ሊመሰል ይችላል። ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠን ልጅ በትክክለኛው ቅጽበት ደጋግሞ የገፋ ሰው፣ ኃይሉ ትንሽ ቢሆንም ልጁን ከፍ ያደርገዋል። መርከብም የራሷ የመወዛወዝ ጊዜ አላት። የማዕበሉ ምልልስ ከዚህ ጊዜ ጋር ሲገጥም መወዛወዙ እየጨመረ ሄዶ አደገኛ ይሆናል። ስለዚህ መርከቧን ቶሎ ቀጥ እንድትል አድርጎ መሥራት ሁልጊዜ መፍትሔ አይደለም፤ እንዲያውም ቶሎ ቶሎ የምትወዛወዝ መርከብ ከውቅያኖስ ማዕበል ጋር በቀላሉ ልትገጥም ትችላለች። ፍሩድ ከውሃው በታች በመርከቧ ሁለት ጎኖች ረጃጅም ክንፎች ቢገጠሙ መወዛወዙን እንደሚያበርዱም በሙከራ አሳየ።

«ስዋን» እና «ሬቨን»

በዚያ ዘመን የመርከብ ነዳፊዎች ስለ ፍጥነት ብዙ ይከራከሩ ነበር። ጆን ስኮት ራስል የተባለው ታዋቂ መሐንዲስ ለመርከብ አንድ የተሻለ ቅርጽ አለ ብሎ ያምን ነበር። ሌሎችም የትናንሽ ሞዴሎችን ሙከራ እንደ ጨዋታ ይቆጥሩት ነበር፤ ሞዴሉ ላይ የታየው በእውነተኛዋ መርከብ ላይ ሳይደገም የቀረበት ጊዜ ብዙ ነበርና።

ፍሩድ በ1867 በዴቨን በሚገኘው የዳርት ወንዝ ላይ ሁለት ዓይነት ሞዴሎችን ፈተነ። ጫፏ ሹል የሆነችውን «ሬቨን»፣ ጫፏ ደልደል ያለውን «ስዋን» አላቸው። እያንዳንዷን በ3፣ በ6 እና በ12 ጫማ ርዝመት ሠራቸው። ሁለት ነገሮችን አገኘ። የመጀመሪያው፣ በዝግታ ሲጓዙ ሹሏ ብትሻልም ፍጥነት ሲጨምር ደልዳላዋ የምትበልጥ መሆኗ ነው፤ ስለዚህ ለሁሉም ፍጥነት የሚሆን አንድ ቅርጽ የለም። ሁለተኛው ይበልጥ ጠቃሚ ነበር። ትንሿና ትልቋ ሞዴል በእኩል ፍጥነት ሲጎተቱ የሚፈጥሩት ሞገድ አይመሳሰልም፤ ባለ 12 ጫማዋ ከባለ 3 ጫማዋ በእጥፍ ስትፈጥን ግን የሞገዳቸው መልክ አንድ ይሆናል።

የልኬት ሕግ

ከዚህ የመነጨው ሕግ የሚከተለው ነው። ሞዴሉ ከመርከቧ ስንት ጊዜ እንዳነሰ ይታወቅ። ፍጥነቱ መካፈል ያለበት በዚያ ቁጥር ሳይሆን በቁጥሩ ዳግም ዘር (ካሬ ሥር) ነው። ለምሳሌ 16 ጊዜ ያነሰ ሞዴል የመርከቧን ፍጥነት በ4 አካፍሎ መሄድ አለበት፤ መርከቧ በ12 ኖት የምትጓዝ ከሆነ ሞዴሉ በ3 ኖት ይጎተታል። በዚህ ፍጥነት ሞገድ በመፍጠር የሚባክነው ኃይል ከሞዴሉ ወደ መርከቧ ሲመነዘር፣ 16 ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በሚገኘው በ4,096 ይበዛል። ተመሳሳይ ሐሳብ ፈረንሳዊው ፈርዲናንድ ሪሽ ከእርሱ ቀደም ብሎ አስፍሮ ነበር፤ ሐሳቡን በሙከራ አጽንቶ ለመርከብ ሥራ ያዋለው ግን ፍሩድ ነው።

የቀደሙት ሞካሪዎች ያልተሳካላቸው ምክንያትም እዚህ ላይ ነው። ውሃ መርከብን የሚይዘው በሁለት መንገድ ነው፤ አንዱ በሞገድ፣ ሌላው በገላዋ ላይ በሚፈጠረው ሰበቃ። ሰበቃው ከላይ ለተጠቀሰው ሕግ አይገዛም። ስለዚህ ሞዴሉ ላይ የተለካውን ኃይል በጅምላ ማባዛት ስሕተት ያመጣል። ፍሩድ ሰበቃውን ለይቶ ለማወቅ እስከ 50 ጫማ የሚረዝሙ ጣውላዎችን በውሃ ውስጥ ጎተተ። አንዳንዶቹን ቫርኒሽ ቀባቸው፤ ሌሎቹን በሰም፣ በጨርቅ ወይም በአሸዋ ሸፈናቸው። በዚህም የገላው ርዝመትና ሻካራነት ሰበቃውን እንዴት እንደሚለውጡት የሚያሳይ ሠንጠረዥ አዘጋጀ። ስሌቱ ከሞዴሉ ውጤት ላይ ሰበቃውን መቀነስ፣ ቀሪውን በልኬት ሕጉ ማባዛት፣ ከዚያም የትልቋን መርከብ ሰበቃ ለብቻው አስልቶ መደመር ሆነ።

የ«ካፕቴን» መስጠም

ነገሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ አልነበረም። ሴፕቴምበር 7 ቀን 1870 ለሊት «ካፕቴን» የተባለችው አዲስ የብሪታንያ የጦር መርከብ በስፔን ፊኒስቴር ርእሰ ምድር አቅራቢያ በዐውሎ ነፋስ ተገልብጣ ሰጠመች። ወደ 480 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም አንዱ መርከቧን ያሳሰበው መኮንን ካውፐር ኮልስ ነበር። መርከቧ በሥራ ላይ ሳለች ከታቀደው በላይ ከብዳ ስለነበር፣ ጎኗ ከውሃ በላይ 8 ጫማ ሊሆን ሲገባው ወደ 6 ጫማ ተኩል ዝቅ ብሎ ነበር። በዚህ ላይ ረጃጅም ምሰሶና ብዙ ሸራ ተሸክማ ነበር። የባሕር ኃይሉ ዋና ነዳፊ የነበረው ኤድዋርድ ሪድ ስለ አደጋው አስቀድሞ አስጠንቅቋል። በሪድ የተነደፈችው «ሞናርክ» በዚያው ዐውሎ ውስጥ ነበረች፤ አልሰጠመችም።

ከአደጋው በኋላ መንግሥት የጦር መርከቦችን ንድፍ የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ። ፍሩድ ከፊዚክስ ሊቁ ዊሊያም ቶምሰን ጋር አባል ሆነ። ከተመረመሩት አንዷ ያለ ሸራ በእንፋሎት ብቻ እንድትጓዝ የታሰበችው «ዴቫስቴሽን» ነበረች። ፍሩድ በሞዴሏ ላይ የጎን ክንፎችን በተለያየ ስፋት እየገጠመ መወዛወዟን ለካ። በ1877 ደግሞ «ኢንፍሌክሲብል» የተባለችው መርከብ በወፍራም ብረት ያልተሸፈኑት ሁለቱ ጫፎቿ በመድፍ ተበሳስተው ውሃ ቢሞሉ ትገለበጣለች ወይስ አትገለበጥም የሚለውን ክርክር ከመረመሩት አንዱ ሆነ።

የቶርኪ ገንዳ

ሳይንቲስቶችን የሚያሰባስበው የብሪታንያ ማኅበር ያቋቋመው ኮሚቴ በ1869 ባወጣው ዘገባ፣ አብዛኞቹ አባላት ሙከራው መደረግ ያለበት በእውነተኛ መርከቦች ላይ ነው አሉ። ፍሩድ በሐሳብ ተለየ። ሪድ ስለደገፈው በ1870 አድሚራልቲ 2,000 ፓውንድ ፈቀደለት። ፍሩድ ለጉልበቱ ክፍያ አልጠየቀም።

ገንዳው በቶርኪ ከተማ፣ ቼልስተን ክሮስ በሚባለው ቤቱ አጠገብ ተሠርቶ በ1872 ሥራ ጀመረ። ርዝመቱ 278 ጫማ (ወደ 85 ሜትር)፣ ስፋቱ 36 ጫማ፣ ጥልቀቱ 10 ጫማ ነበር። ከውሃው በላይ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ በእንፋሎት ሞተር የሚሳብ ጋሪ ይሄዳል፤ ጋሪው ሞዴሉን ሲጎትት የጉተታው ኃይል በሚሽከረከር ወረቀት ላይ ይመዘገባል።

ሞዴሎቹ የሚሠሩት ከፓራፊን ሰም ነበር። ሰም ውሃ አይመጥም፤ በቀላሉ ይቀረጻል፤ ሥራው ሲያልቅም ቀልጦ ለሌላ ሞዴል ይውላል። ፍሩድ የመርከቧን ንድፍ መሥመር በመሥመር እየተከተለ ሰሙን የሚቆርጥ ማሽን ፈለሰፈ። የቀረው በእጅ ተላግቶ ይለሰልሳል። ከዚያ ሞዴሉ ልክ እንደ መርከቧ በውሃው ውስጥ እስኪጠልቅ ድረስ ክብደት ይጨመርበታል። ንድፉ ትክክል ካልሆነ ወይም ክብደቱ ከተዛባ የሚገኘው ቁጥር ስለ ሌላ መርከብ ነው።

የ«ግሬይሃውንድ» ፈተና

ተጠራጣሪዎችን ዝም ያሰኘው በ«ግሬይሃውንድ» ላይ የተደረገው ሙከራ ነው። በ1871 ይህች 172 ጫማ የምትረዝም የባሕር ኃይል መርከብ «አክቲቭ» በምትባል ሌላ መርከብ ተጎተተች። ከፊቷ ያለችው መርከብ የምታደፈርሰው ውሃ ልኬቱን እንዳያዛባ፣ ገመዱ ከ«አክቲቭ» ጎን በወጣ ረጅም ምሰሶ ላይ ታሰረ። የመጎተቻው ኃይል በተለያየ ፍጥነት ተለካ። በኋላ 16 ጊዜ ያነሰ ሞዴሏ በቶርኪ ገንዳ ተፈተነ። የመርከቧ ገላ ከሞዴሉ የሻከረ መሆኑ ሲታሰብ ሁለቱ ውጤቶች ተቀራረቡ። ከዚሁ ሙከራ ሌላ ነገርም ተገኘ፤ ሞተሩ ከሚያመነጨው ኃይል ከግማሽ በላዩ መርከቧን ለመግፋት ሳይደርስ በመንገድ ይባክን ነበር።

እምነትና የመጨረሻ ዓመታት

ፍሩድ በ1839 ካትሪን ሆልድስወርዝን አገባ። ለረጅም ዘመን ወዳጁ የነበረው ጆን ሄንሪ ኒውማን ወደ ካቶሊክ እምነት ሲገባ፣ የፍሩድ ባለቤትና አብዛኞቹ ልጆቹም ተከተሉት። እርሱ ግን አልተከተለም። የሰው ልጅ በማንኛውም ጉዳይ ፍጹም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም፣ ማስረጃ ግምትን ያጠነክራል እንጂ ጥርጣሬን ጨርሶ አያጠፋም የሚል አቋም ነበረው። በዚህ ጉዳይ ከኒውማን ጋር ለዓመታት ተጻጽፈዋል፤ ወዳጅነታቸው ግን አልተቋረጠም።

በ1870 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ፤ በ1876 የማኅበሩን ሮያል ሜዳሊያ ተሸለመ። በ1878 ባለቤቱ ስትሞት የባሕር ኃይሉ እንግዳ ሆኖ «ቦዲሲያ» በተባለች መርከብ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጓዘ። ወደ አገሩ ሊመለስ ሲዘጋጅ በተቅማጥ በሽታ ታሞ በሳይመንስ ታውን አረፈ። በዚያው በባሕር ኃይል ሥነ ሥርዓት ተቀበረ።

ቅርስ

ሥራውን ልጁ ሮበርት ኤድመንድ ፍሩድ ቀጠለ። ገንዳው በ1880ዎቹ በፖርትስማውዝ አጠገብ ወደምትገኘው ሃስላር ተዛወረ። በ1906 ሥራ ላይ ውላ የዓለምን የባሕር ኃይሎች ሚዛን የለወጠችው «ድሬድኖት» ቅርጿ የተፈተነው በሃስላር ነው። በስኮትላንድ ዳምባርተን የዴኒ መርከብ ሠሪዎች በ1883 የሠሩት ገንዳ ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል።

የታሪካዊ መርከቦችን ሞዴል ሠርተው በኩሬ ላይ የሚያንሳፍፉ ሰዎች ዛሬም የሚመሩት በዚሁ ሕግ ነው። «ድሬድኖት» 160 ሜትር ያህል ትረዝም፣ ወደ 18,000 ቶን ትመዝን፣ 21 ኖት ትጓዝ ነበር። 96 ጊዜ ያነሰ ሞዴሏ 1.67 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ክብደቱ ወደ 20 ኪሎ ግራም ይሆናል። ፍጥነቱን በ96 የሚያካፍል ሰው ሞዴሉ የቆመ ይመስለዋል። በዳግም ዘሩ ሲያካፍል ግን ከ2 ኖት ጥቂት ይበልጣል፤ ይህም የሰው እርምጃ ያህል ነው። በዚያ ፍጥነት ከሞዴሉ አፍንጫ የሚነሣው ሞገድ በድሮ ፎቶግራፎች ላይ ከሚታየው የእውነተኛዋ መርከብ ሞገድ ጋር ይመሳሰላል።