ፒየር ኩሪ፦ ከጫና ኤሌክትሪክ ያፈለቀው ሊቅ

በ1872 ዓ.ም አንኮበር የሸዋው ንጉሥ የምኒልክ መናገሻ ነበረች። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ንጉሡን ለማገልገል ከመጣ ገና አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። በዚያው ዓመት በፓሪስ የ21 ዓመቱ ወጣት ፒየር ኩሪ፣ ከታላቅ ወንድሙ ከዣክ ጋር አንድ ግኝት ይፋ አደረገ፤ ግኝቱ ዛሬ ከግድግዳ ሰዓት እስከ ፋብሪካ ማሽን ድረስ ያገለግላል።

ፒየር ግንቦት 8 ቀን 1851 ዓ.ም በፓሪስ ተወለደ። ሐኪም አባቱ የልጁ ጠባይ ከመደበኛ ትምህርት ቤት ጋር እንደማይስማማ ተረድተው በቤት ውስጥ አስተማሩት። በ18 ዓመቱ የመጀመሪያ ዲግሪውን ቢያገኝም ለቀጣዩ ትምህርት ገንዘብ ስላልነበረው በቤተ ሙከራ ረዳትነት ተቀጠረ።

ወንድማማቾቹ ኳርትዝ፣ ቱርማሊን፣ ቶጳዝዮን፣ የአገዳ ስኳር ሳይቀር በክሪስታል መልክ እየቆረጡ በክብደት ይጫኑ ጀመር። ክሪስታሉ ሲጨመቅ በገጾቹ ላይ የኤሌክትሪክ ሙል ይታያል፤ ጫናው እጥፍ ሲሆን ሙሉም እጥፍ ይሆናል። በዓመቱ ደግሞ ተቃራኒውን አረጋገጡ፦ ኤሌክትሪክ የተሰጠው ክሪስታል ቅርጹን በጥቂቱ ይለውጣል። የኳርትዝ ሰዓት ልክ ጠብቆ የሚቆጥረው በዚህ ጠባይ ነው።

የሚገኘው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ስለነበር ነገሩ ለረጅም ጊዜ ከቤተ ሙከራ አልወጣም። ፒየር ግን ጥቂቱን አልናቀም። ወንድማማቾቹ በኳርትዝ እጅግ ደካማ ኤሌክትሪክ የሚለካ መሣሪያ ሠሩ። በ1887 ዓ.ም ፒየር ያገባት ፖላንዳዊቷ ማሪ፣ ከዩራኒየም የሚወጣውን ጨረር የለካችው በዚሁ መሣሪያ ነበር። ባልና ሚስቱ ጣሪያው በሚያፈስ አሮጌ መጋዘን ውስጥ እየሠሩ ፖሎኒየምንና ራዲየምን አገኙ፤ በ1896 ዓ.ምም ከአንሪ ቤክሬል ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ራዲየምን ማምረቻውን ዘዴ በስማቸው አስመዝግበው መክበር ሲችሉ ለዓለም በነጻ ሰጡት።

ሚያዝያ 11 ቀን 1898 ዓ.ም ፒየር በዝናብ የፓሪስን መንገድ ሲሻገር በፈረስ የሚጎተት የጭነት ጋሪ ረገጠው፤ በ46 ዓመቱም አረፈ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተማሪው የነበረው ፖል ላንዥቫን በኳርትዝ የባሕር ውስጥ መርከቦችን መፈለጊያ ሲሠራ ግን ፒየር ለማየት አልታደለም።

ዛሬ ይህ ግኝት ንዝረትን ወደ ኃይል ለመለወጥ ያገለግላል። ሞተር ሲዞር፣ ወፍጮ ሲፈጭ፣ አካሉ ይንቀጠቀጣል፤ ያ ንዝረት በከንቱ የሚባክን ጉልበት ነው። በማሽኑ ላይ ክሪስታላዊ ሽፋን ያለው ቀጭን ዝርግ ብረት ቢታሰር ከንዝረቱ ጋር እየተጎነበሰ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። የዝርግ ብረቱ አነዛዘር ከማሽኑ ጋር ካልተስማማ ግን የሚገኘው ኢምንት ይሆናል። ቢስማማም አምፖል አያበራም፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሺህኛ ዋት አይበልጥም። ለአነስተኛ ሴንሰር ግን ይበቃል። ሴንሰሩ ኃይሉን ጥቂት በጥቂት ያጠራቅምና የኩሽኔታውን ሙቀትና ንዝረት ለክቶ በሬዲዮ ሞገድ ያስተላልፋል። ኩሽኔታ ተበልቶ ማሽኑ ከመቆሙ በፊት ጥገና ይደረጋል፤ እጅ በማይደርስበት ቦታም የባትሪ ድንጋይ መቀየር ይቀራል።

ከሱፍ ብርድ ልብስ ፋብሪካዋ እስከ ኢንዱስትሪ ፓርኳ ብዙ ሞተር ለሚዞርባት ደብረ ብርሃን፣ ወፍጮ ቤት ድረስ እህል ጭኖ ለሚሄደውም ገበሬ፣ የአንድ ማሽን መቆም የአንድ ቀን እንጀራ ማጣት ነው። ማሽኑ ሳይሰበር የሚያስጠነቅቀው ይህ መሣሪያ መነሻው ሁለት ወንድማማቾች የጨመቁት ያ ትንሽ ክሪስታል ነው።