ስሙ ቃል ሆኖ የቀረው ሐኪም፦ ፍራንዝ አንቶን ሜስመር

ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ድምፄን ብቻ ስሙ፣ ሲጋራውም ጥፍር መንከሱም ከዛሬ ጀምሮ ይለቃችኋል የሚል ቪዲዮ ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። አንዳንዱ ነፃ ነው፣ አንዳንዱ ገንዘብ ይጠይቃል። ነገሩ ሂፕኖሲስ ይባላል። ዛሬ የምናወጋችሁ ግን ስለ ቪዲዮዎቹ ሳይሆን፣ ይህን ሁሉ ሳያውቀው ስለ ጀመረው ሰውዬ ነው። ሳያውቀው ያልነው በምክንያት ነው፣ አብራችሁን ቆዩ።

ፍራንዝ አንቶን ሜስመር የተወለደው በ1734 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በኮንስታንስ ሐይቅ ዳር፣ ኢዝናንግ በምትባል የጀርመን መንደር ነው። አባቱ የደን ጠባቂ ነበር። ልጁ ቪየና ገብቶ ሕክምና ተማረና በ1766 ተመረቀ። የመመረቂያ ጽሑፉ ፕላኔቶች በሰው አካል ላይ ስላላቸው ኃይል ነበር፤ ጨረቃ ባሕሩን ከሳበች በሰውነታችን ያለውን ፈሳሽ ለምን አትስብም እንደማለት ነው። የኋላ ተመራማሪዎች ሲያጣሩት፣ ብዙው ክፍል ሪቻርድ ሚድ ከተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም መጽሐፍ የተገለበጠ ሆኖ ተገኘ። ኮፒ ፔስት ዛሬ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ።

በ1768 አንዲት ሀብታም ባል የሞተባት ሴት አገባ። ቪየና ውስጥ ትልቅ ቤትና የአትክልት ቦታ ነበራቸው፤ የሞዛርት ቤተሰብ ሳይቀር ወዳጃቸው ነበር። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ማንም አያስታውሰውም።

በ1774 ፍራንዚስካ ኦስተርሊን የምትባል በሽተኛ መጣችለት። ሰውነቷን የሚያንቀጠቅጥ፣ ራሷን የሚያስት ሕመም ነበረባት። ሜስመር ብረት ያለበት መድኃኒት አጠጥቶ ሆዷና እግሮቿ ላይ ማግኔት አሰረላት። በሰውነቷ ውስጥ የሆነ ነገር ወደ ታች ሲፈስ ተሰማት፣ ሕመሙም ለሰዓታት ተወት አደረጋት። ትንሽ ቆይቶ ሜስመር ማግኔቱን ትቶ በእጁ ብቻ ቢሞክረውም ያው ውጤት መጣ።

ያን ጊዜ ራሱን መጠየቅ ነበረበት። ማግኔቱ ካላስፈለገ፣ የሚሠራው ምንድን ነው? እሱ ግን ኃይሉ ከእኔው ይወጣል ብሎ ደመደመ። በዓለሙ ሁሉ የሚፈስ የማይታይ ፈሳሽ አለ፣ በሽታ የሚመጣው እሱ ሲዘጋ ነው፣ እኔ ደግሞ መክፈት እችላለሁ አለ። ስሙንም አኒማል ማግኔቲዝም አለው፤ በሕያው አካል ውስጥ ያለ የማግኔት ኃይል ለማለት ነው።

ከዚያ የማሪያ ቴሬዚያ ፓራዲስ ነገር መጣ። ማሪያ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ማየት የተሳናት የ18 ዓመት ፒያኒስት ነበረች፤ ከንግሥቲቱም የገንዘብ ድጎማ ይሰጣት ነበር። የቪየና ሐኪሞች ዓይኗን ለማዳን በኤሌክትሪክ ንዝረት ሳይቀር አሠቃይተዋታል። በ1777 ሜስመር ቤቱ አስገብቶ ያክማት ጀመር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማየት ጀመረች ተባለ፣ አባቷም በአደባባይ አመሰገኑት። ሌሎች ሐኪሞች ግን የሚያሳዩዋትን ነገር ስሙን አሳስታ ትጠራለች፣ ይሄ ማየት አይደለም አሉ። ፒያኖዋም ተበላሸባት። ዓይኗ ከተከፈተ ድጎማው ይቀራል የሚል ስጋትም ነበር ይባላል።

ወላጆቿ ሊወስዷት መጡ። ሜስመር ራሱ እንደጻፈው፣ አልሄድም ስትል እናቷ ጭንቅላቷን ከግድግዳ ጋር አጋጩት፣ አባቷም ሰይፍ መዘው ገቡ። ዘገባው የእሱ ስለሆነ በጥንቃቄ እንየው። በመጨረሻ ልጅቷ ወደ ቤቷ ተመለሰች፣ ዓይነ ስውር እንደሆነች። ሜስመርም ቪየናን ለቆ በ1778 ፓሪስ ገባ።

ፓሪስ ውስጥ ስታር ሆነ። አሠራሩን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። መጋረጃ የተጋረደበት ድንግዝግዝ ያለ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ መስታወት፣ መሐል ላይ ትልቅ የእንጨት ገንዳ። ገንዳው ውስጥ ውሃ የተሞሉ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ከክዳኑ የሚወጡትን የብረት ዘንጎች በሽተኞቹ የሚያማቸው ቦታ ላይ ያስጠጋሉ፣ በገመድም እርስ በርስ ይያያዛሉ። ከጎን ለስለስ ያለ ሙዚቃ። ሜስመር ሐምራዊ የሐር ካባ ለብሶ በመሐላቸው ይዘዋወራል። አንዱ ይስቃል፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ ሌላዋ ተንቀጥቅጣ ትወድቃለች። መንቀጥቀጡ የመዳን ምልክት ነው ተባለ።

ቤተ መንግሥቱ በዓመት 20,000 ሊቭር ጡረታ ሊቆርጥለት ቢፈልግም አልተቀበለም። በ1783 ተከታዮቹ ማኅበር መሠረቱ፤ ምስጢሩን ለመማር እያንዳንዱ 100 የወርቅ ሉዊ ይከፍል ነበር። ኦንላይን ኮርስ የሚሸጥ ሰው ካያችሁ፣ ነገሩ አዲስ አይደለም።

በ1784 ንጉሡ ሉዊ 16ኛ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። አባላቱን ተመልከቱ፦ ያኔ በፈረንሳይ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊን፣ የኬሚስትሪ አባት የሚባለው ላቮዋዚዬ፣ የሥነ ፈለክ ሊቁ ባይዪ፣ ዶክተር ጊዮታንም ነበረበት። አዎ፣ አንገት መቁረጫው ጊሎቲን የተሰየመበት ሰውዬ። ላቮዋዚዬና ባይዪ ከዓመታት በኋላ በዚያው መሣሪያ ተቀልተዋል።

ሜስመር ስላልተባበራቸው የመረመሩት የደቀ መዝሙሩን የዶክተር ዴስሎንን ሥራ ነው። ዘዴያቸው ቀላል ነበር፤ የበሽተኛውን ዓይን መሸፈን። በፍራንክሊን የአትክልት ቦታ ዴስሎን አንዱን ዛፍ ማግኔት አደረገ። ከዚያ ዓይኑ የታሰረ የ12 ዓመት ልጅ ምንም ያልተደረገባቸውን ሌሎች ዛፎች በየተራ እንዲያቅፍ ተደረገ። መጀመሪያው ላይ አላበው፣ ቀጥሎ ራሱን አመመው፣ አራተኛው ላይ ራሱን ስቶ ወደቀ። እውነተኛው ዛፍ ግን ራቅ ብሎ ነበር የቆመው። ሌላዋ በሽተኛ ተራ ውሃ የያዙ ኩባያዎች ሲሰጧት አራተኛው ላይ ተንቀጠቀጠች። ለማረጋጊያ የሚጠጣ ውሃ ስትጠይቅ ማግኔት የተደረገውን ኩባያ ሰጧት፣ በሰላም ጠጣችው!

ኮሚሽኑ ፈሳሽ የሚባል ነገር የለም፣ የሚሠራው ምናብ ነው ብሎ ዘጋው። ትክክል ነበር። ግን አንድ ነገር ዘለለ ብለን እናስባለን። ልጁ የወደቀው አስመስሎ አይደለም፣ እውነት ነው የወደቀው። ሐሳብ ብቻውን ጤነኛ ሰው መሬት ላይ ከጣለ፣ ያንን ኃይል ለፈውስ ማዋል አይቻልም ወይ? ይህን ጥያቄ ያነሳው ዴስሎን ነበር፣ ሜስመር አይደለም። ሜስመር ፈሳሹን የሙጥኝ አለ።

በዚያው ዓመት ከተማሪዎቹ አንዱ የሆነው ማርኪ ደ ፑይሴጉር፣ ቪክቶር ራስ የሚባል ወጣት ገበሬ ሲያክም ልጁ በመንቀጥቀጥ ፈንታ ዝም ብሎ እንቅልፍ መሰል ሰመመን ውስጥ ገባ። ያወራል፣ ይመልሳል፣ ሲነቃ ግን አያስታውስም። ዛሬ ሂፕኖሲስ የምንለው ነገር የተወለደው እዚያ ነው።

ሜስመር ከፓሪስ ወጥቶ ብዙ ዓመት ከተንከራተተ በኋላ ወደ ልጅነቱ ሐይቅ ተመለሰ። በ1812 ከበርሊን አንድ ሐኪም ፈልጎ ሲያገኘው ብዙዎች የሞተ መስሏቸው ነበር። መጋቢት 5 ቀን 1815 ሜርስቡርግ ላይ አረፈ።

በ1841 የማንቸስተሩ ቀዶ ሐኪም ጄምስ ብሬድ የማግኔት ትርኢት ሊያይ ሄደ። ማጭበርበር መስሎት ነበር የሄደው። ያየውን ቤቱ ሞከረና ፈሳሹን ጥሎ ነገሩን በትኩረት አስረዳው፤ ሂፕኖሲስ የሚለውን ስያሜ ያስለመደውም እሱ ነው፣ ከግሪኩ እንቅልፍ ከሚለው ቃል። እንቅልፍ ግን አይደለም። በሂፕኖሲስ ያለ ሰው ይሰማል፣ እምቢ ማለትም ይችላል።

አሁን የት ደርሷል? የእንግሊዝ የጤና መመሪያ በመድኃኒት ለ12 ወር ያልተሻለው የአንጀት መቆጣት ሕመም (አይቢኤስ) ላለበት ሰው ሂፕኖሲስን እንደ አማራጭ ያስቀምጣል። ሲጋራ ለማቆም ግን ከሌሎች መንገዶች ይበልጣል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ እስካሁን አልተገኘም። ስለዚህ በአንድ ቪዲዮ ሱስ ይለቃል የሚላችሁን ሰው፣ ዓይን ሸፍነህ ሞክረኸዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁት። የታዘዘላችሁን መድኃኒት ደግሞ ሐኪም ሳያማክራችሁ እንዳታቋርጡ።

ማሪያ ፓራዲስስ? በ1784፣ ኮሚሽኑ ሥራ ላይ በነበረበት ዓመት፣ ፓሪስ መጥታ ኮንሰርት አቀረበች፤ ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበላት። ሜስመርም እዚያው ከተማ ነበር። ከዚያ ለንደን ሄደች፣ የራሷን ሙዚቃ ደረሰች፣ በ1808 ቪየና ውስጥ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከፈተች። በ1824 እስክትሞት ድረስ ዓይኗ አልበራም።