ዡጌ ሊያንግ እና የዘንዶው ሥዕል፦ የሃን እና የዪ ሕዝቦች የትረካ መወራረስ

ዡጌ ሊያንግ እ.ኤ.አ. በ181 ዛሬ ሻንዶንግ በሚባለው የምሥራቅ ቻይና ግዛት ተወለደ። በ207 የሊዩ ቤይ አማካሪ ሆነ፤ በ221 የሹ ሃን መንግሥት ሲመሠረትም የዋና ሚኒስትርነቱን ሥልጣን ያዘ። በ225 ዐመፅ ለማብረድ ወደ ናንዦንግ ዘመተ፤ ይህም የዪ ሕዝብ ዛሬ የሚኖርባቸውን የደቡብ ምዕራብ ቻይና አካባቢዎች ያካትት ነበር።

ቻንግ ቹ በ4ኛው ምዕተ ዓመት ባዘጋጀው ዜና መዋዕል መሠረት፣ የናንዦንግ ነዋሪዎች መናፍስትንና ቃል ኪዳንን አጥብቀው ያከብሩ ነበር። ዡጌ ሊያንግ ይህን ተገንዝቦ ሥዕል አሠርቶ ሰጣቸው። በሥዕሉ መጀመሪያ ሰማይና ምድር፣ ፀሐይና ጨረቃ፣ ገዢና ከተማ ይታያሉ፤ ቀጥሎ ነዋሪዎቹንና ከብቶቻቸውን የሚወልድ ዘንዶ ይመጣል፤ በመጨረሻም በፈረስ የሚዘዋወሩ ሹማምንትና መጠጥና ወርቅ ይዘው ወደ እነርሱ የሚሄዱ ነዋሪዎች ተሥለዋል። በዚህ አኳኋን የዘር አመጣጥን የሚገልጸው ሐተታ ተፈጥሮ ከመገበር ግዴታ ጋር ተሳሰረ። ዜና መዋዕሉ ነዋሪዎቹ ሥዕሉን እጅግ እንዳከበሩት ይመሰክራል።

ዡጌ ሊያንግ በ234 በሰሜን ዘመቻ ላይ ሳለ ሞተ፤ ትረካው ግን ቀጠለ። የሃን ትረካ የደቡቡን መሪ መንግ ሁዎን ሰባት ጊዜ ማርኮ እንደለቀቀው ይናገራል። አንዳንድ የዪ አፈ ታሪኮች በአንጻሩ ሰባት ጊዜ የተማረከው ዡጌ ሊያንግ እንደነበር ይተርካሉ። ባለታሪኮቹና ቁጥሩ የጋራ ሲሆኑ አሸናፊው ይለያያል። ስለዚህ መወራረሱ የአንዱን ትረካ በሌላው መዋጥ ሳይሆን፣ በጋራ ትረካ ውስጥ የቀጠለ ሙግት ነው ማለት ይቻላል።